ይህን የሚውጠው ማነው?

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ሰናይት በሬን አንኳኩታ ገባችና አንዲት ትንሽ ጠርሙስ እጄ ላይ አኖረች። ጠርሙሷ ላይ የውሻ ሥዕል አለ።

«እትዬ አስካለ፣ ለውሻችን የታዘዘ የልብ መድኃኒት ነው። ከውጭ ነው ያስመጣነው። አወሳሰዱን ያንብቡልኝ» አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ስንት ጠርሙስ እንዳነበብኩ እግዜር ይወቀው። ያን ቀን ግን ጠርሙሷን እንደ ፍም ቶሎ ጠረጴዛው ላይ ጣልኳት። ሰናይት ያመመኝ መስሏት ውሃ ልትቀዳልኝ ተነሣች።

አላመመኝም፤ ፈርቼ ነው። የምን ፍርሃት እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ፒያሳ መመለስ አለብኝ። የሠራሁበትን መድኃኒት ቤት ስም ግን አልጽፍም። ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል፤ ባለቤቱ ግን አልፈረሰም። በሕይወት አለ፤ ጠበቃም ያቆማል። ሲሳይ ብዬ እጠራዋለሁ። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የሚያውቁት ያውቁታል።

የመድኃኒት ባለሙያ፣ ድራጊስት፣ ሆኜ ስመረቅ መጀመሪያ የተመደብኩት ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ አለቃዬ የነበሩት የጤና ረዳት፣ ድሬሰር የምንላቸው፣ ለራስ ምታትም ለወገብም ያው አንድ መርፌ ነበራቸው። ሰዉ ወዷቸው ሞተ። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ተዛወርኩ። የእዚያው አለቃ ደግሞ ያላየሁትን መድኃኒት ተረክቤያለሁ ብዬ እንድፈርም ይፈልግ ነበር። አልፈርምም ስለው ፀሐይ ወደማይገባበት የመድኃኒት ማደያ መስኮት ወሰደኝ። ደመወዙ የትም ያው ነው፤ ስለ እሱ ቀለም አላባክንም። ሥራ የተማርኩት ግን ሁለቱንም ትቼ ፒያሳ፣ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ስገባ ነው።

ጋሽ ደምሴ ፋርማሲስት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሳቅ የማይወዱ ሰው። መድኃኒት ሊከፋፍሉ ሲቀመጡ ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሬዲዮ ይዘጋል፤ ሰው አያናግራቸውም። ክኒኑን በነጭ ሸክላ ሙቀጫ ይደቁሱና ስታርች እየጨመሩ፣ መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ የዚያኑ ያህል፣ እንደገና የዚያኑ ያህል እያሉ ያዋህዱታል። «በአንዴ ከደፋሽው መድኃኒቱ አንድ ጥግ ተኮራምቶ ይቀራል። አንዱ ሰው ስታርች ይውጣል፣ ሌላው ሞቱን» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ዱቄቱን መስተዋት ላይ ዘርግተው በቢላዋ ጀርባ እኩል ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ በሚዛን አይተው በወረቀት ያጥፉታል። እጥፋታቸው እንደ ክታብ ነው፤ ቢወድቅ አይፈታም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ ያኖሩና መዳፋቸውን ይጭኑበታል። ከዚያ፣ «ይህን የሚውጠው ማነው?» ይላሉ።

«ለቤተሰብ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም።

«ቤተሰብ ጉሮሮ የለውም። ስም ንገረኝ።»

ስሙ ይነገራል፤ ፖስታው ላይ ይጻፋል። ገዢው አወሳሰዱን በራሱ አፍ እስኪደግመው ድረስ መዳፋቸው አይነሣም። ሚኒስትርም ቢሆን ይደግማል። አንድ ቀን የውቤ በረሃ ባለቡና ቤት ሴትዮ፣ «ጋሼ፣ ቃል ኪዳን እያስገቡኝ ነው ወይስ ሽሮፕ እየሸጡልኝ?» አለቻቸው። አልሳቁም። እሷም ደገመች።

የውሻና የድመት ማዘዣ ያስለመዱኝም እሳቸው ናቸው። የድሮ የፒያሳ ሰው ከውሻና ከድመት ጋር አርጅቷል። የእንስሳቱ ልብ ሲደክም የእንስሳት ሐኪሙ የሚያዝላቸው ያንኑ የሰውን መድኃኒት ነው፤ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ያን ጊዜ አይገኝም ነበር። ብዙ መድኃኒት ቤት «ለውሻ» ሲባል አንሸጥም ስለሚል ሐኪሙ ማዘዣውን የሚጽፈው በባለቤቱ ስም ነው። በሰው ስም፣ በውሻ መጠን። ይህን ነገር ጋሽ ደምሴ አጥብቀው ይጠሉት ነበር። ማዘዣው ምንም ይበል፣ እሳቸው ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለውሻ» ብለው የውሻውን ስም ይጽፋሉ።

«ዲጎክሲን የልብን ምት የሚያስተካክል ደግ መድኃኒት ነው» ይሉኝ ነበር። «ነገር ግን የሚያድነው መጠንና የሚገድለው መጠን አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ለውሻ አጥሩ ከዚያም ይቀጥናል። ድመት ደግሞ ትብሳለች፤ ልቧ ሲደክም ሶፋ ሥር ተደብቃ ትተነፍሳለች እንጂ አታሰማሽም።»

ይህን ስሰማ ወጣት ነበርኩ። ፍርሃት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። የማይፈራ ሰው መድኃኒት መንካት የለበትም።

ጋሽ ደምሴ ሲሞቱ ቤቱን የወረሰው የወንድማቸው ልጅ ሲሳይ ነው። እሳቸው እያሉ «እትዬ» ይለኝ ነበር። ቁልፉን በተረከበ ማግስት «አንቺ» ሆንኩ። ሙቀጫው «የባልቴት ዕቃ ነው» ተብሎ ጓዳ ገባ፤ እኔም አብሬው ገባሁ። ፊት ለፊት መስተዋትና ሽቶ ተደረደረ።

ከደንበኞቻችን አንዷ እማማ ሙሉነሽ ነበሩ። ከባንኮኒያችን ቁልቁል ወርደው እሪ በከንቱ ይኖራሉ። ልባቸው ደካማ ነው፤ ዲጎክሲንና ከሰውነታቸው ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ይወስዳሉ። ውሻቸውም አርጅቶ ያው ሕመም ያዘው፤ ሐኪሙም ያንኑ ሁለት መድኃኒት አዘዘለት። ውሻው ታዘብኩ ይባላል። የሰፈራችን ሰው ለጎረቤት መናገር ያልደፈረውን በውሻው ስም ይናገራል፤ እማማ ከአጥር ወዲያ ካለች ሴት ጋር ተቀያይመው ነበርና ጠዋት ማታ «ታዘብኩ! ና ታዘብኩ!» እያሉ ሲጣሩ ሴትዮዋ በሯን ትዘጋለች።

«እኔና ታዘብኩ በአንድ ክኒን ነው የምንተነፍሰው» ይሉኝ ነበር እማማ። «ልዩነታችን እኔ ሙሉውን፣ እሱ ፍርፋሪውን።»

እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ሙሉ ክኒን ነው። የታዘብኩ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ደቁሼ፣ ከስታርች አዋህጄ፣ በወረቀት እየጠቀለልኩ አዘጋጅለታለሁ። ሁልጊዜ የሚወስዱት ራሳቸው ነበሩ፤ ሁልጊዜም ከጓዳ ወጥቼ መዳፌን ጭኜ አስደግማቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ዲጎክሲን ከከተማው ጠፋ። እኛ ዘንድ ለቋሚ ደንበኞች የተያዘ ጥቂት ነበረን። ሰው ተሰልፏል። እኔ የታዘብኩን ፖስታ ለእማማ ስዘረጋ ከኋላቸው የቆመ ጎልማሳ ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። ባንኮኒውን በቡጢ ሲመታው መስተዋቱ ጮኸ።

«እናቴ ለልቧ መድኃኒት አጥታ ከአምስት ኪሎ እስከዚህ ድረስ ስዞር ውያለሁ! እናንተ ለውሻ ታሽጋላችሁ?»

ሰልፉ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ፣ «እግዜር በሚቀጥለው የፒያሳ ውሻ አድርጎ ይፍጠረን» አለ። ተሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ነበር። እማማ ፖስታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ግድግዳ ተጠጉ። ለእናቱ መድኃኒት ነበረን፤ ሰጠሁት። እጄን ሳይሆን መድኃኒቱን እያየ ተቀብሎ ወጣ። ፍትሕ ጠይቆ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልወቅሰው አልችልም።

ሲሳይ ሰዉ እስኪወጣ ጠበቀና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ፖስታ ላይ ውሻ የሚል ቃል እንዳላይ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ማዘዣው ላይ ያለውን ስም ጻፊ። እኛ የታዘዘውን እንሸጣለን፤ ማን እንደሚበላው የቤታቸው ጉዳይ ነው።»

«አጎትህ ይህን ቢሰሙ…»

«አጎቴ ሞተዋል። ቤቱ እንዳይሞት እኔ አለሁ።»

እኔ ግን መጻፌን አልተውኩም። ጓዳ ሆኜ እጽፋለሁ፣ አጥፌ እሰጣለሁ። አይቶ ዝም ሲል የተወው መሰለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት የእማማን ሁለት ዓይነት ክኒኖች በአንድ ፖስታ፣ የታዘብኩን ዱቄት በሌላ ፖስታ አድርጌ አዘጋጀሁ። አንዱ ላይ «ለእማማ ሙሉነሽ»፣ ሌላው ላይ በቀይ «ለውሻ — ለታዘብኩ» ብዬ ጻፍኩ። ስቅለት ዕለት ስግደት ነበርኩ፤ ሱቁን የያዘው ሲሳይ ነው። ከዚያ በዓል ነውና ዘጋን።

ማክሰኞ ጠዋት ጋዎኔን ለብሼ ባንኮኒውን እወለውላለሁ። ሲሳይ ገባ፤ በበዓሉ ፊቱ ወዝቷል።

«እማማ ሙሉነሽ ጉልበታቸውን አሟቸው ምራታቸውን ልከው ነበር፤ አርብ» አለኝ። «ያን የውሻ ጽሕፈትሽን አይቼዋለሁ። በንጹሕ ፖስታ ቀይሬ ሰጠኋት። ሁለተኛ እንዳትደግሚው።»

«የቱን ነው የቀየርከው?»

«ሁለቱንም። በማዘዣው ስም።»

«ሁለቱም ላይ ሙሉነሽ ብለህ?»

«ማዘዣው እንደዚያ አይደል እንዴ የሚለው?»

«የትኛው የማን እንደሆነ ነገርካት?»

«ኧረ የቤት ሰው አይደለችም? ታውቃለች።»

ምራታቸው ሮማን ቤቱ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም። መድኃኒት ቤታችን መጥታም አታውቅም። የእማማን ስልክ ደወልኩ፤ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። መወልወያውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

«ወዴት ነው? ሰው ቆሟል እኮ!» ሲል ሰማሁት።

ያን ቁልቁለት በዕድሜዬ ሙሉ ወርጄዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ጋዎኔን እንደለበስኩ ነው። ሰዉ መንገድ ይለቅልኛል፤ አንዷ «ሲስተር፣ ማን ሞተ?» ትለኛለች። ይህን የሚውጠው ማነው? ይህን የሚውጠው ማነው? ሌላ ሐሳብ በጭንቅላቴ አልነበረም። ምናልባት ሮማን ጠይቃ ይሆናል። ምናልባት እማማ ለይተውት ይሆናል። ምናልባት የበዓል ሰሞን ነውና ሁለቱም ረስተውት ይሆናል። ሰው ሲፈራ መርሳትን ይመኛል።

ግቢያቸው ጋ ስደርስ ቆምኩ። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል፤ ውሻ አልጮኸም። ታዘብኩ የእኔን የጫማ ኮቴ ከመንገድ ሲሰማ ጀምሮ የሚያወግዝ ውሻ ነበር። ገባሁ። ከውሃ በርሜሉ ጥግ በጎኑ ተጋድሟል። አፉ አጠገብ የፋሲካ አጥንት ከነሥጋው አለ፤ አልነካውም። አጠገቡ አስመልሷል። ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ እንጂ ጭራውን አላነሣም። ያን ጊዜ አወቅኩ። ሙሉውን ክኒን የዋጠው ውሻው ከሆነ፣ ፍርፋሪውን የዋጡት ማን እንደሆኑ ግልጽ ነው።

እማማ አልጋው ላይ ነበሩ፤ ግን አልተኙም። ትራስ በትራስ ላይ ደራርበው ቁጭ ብለዋል፤ መስኮቱ ተከፍቷል። እግራቸው እንደ ቡሆ አብጧል። ሲተነፍሱ ደረታቸው ውስጥ የሚንተከተክ ነገር ይሰማል።

«አስካለ ልጄ፣ መጣሽ?» አሉኝ ቃላቱን እየቆራረጡ። «መተኛት እምቢ አለኝ። ጋደም ስል… ወንዝ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል።»

ሮማን ከማድቤት መጣች። «የበዓሉ ምግብ ከብዷቸው ነው እትዬ፤ ጨውና ቅቤ» አለችኝ።

«መድኃኒቱን ማን ነው የሚሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላጎደልኩም።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ ለእማማ እሰጣለሁ። ክኒኑን ደግሞ በሥጋ ጠቅልዬ ለውሻው።» ፊቴን ስታይ ድምጿ ወረደ። «ለአሮጊት ጉሮሮ ዱቄት ይሻላል ብዬ ነው። ውሻ ደግሞ ዱቄት በምን ይውጣል? ሁለቱም ላይ ስማቸው ነው ያለው። አጠፋሁ እንዴ?»

በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። አስተዋይ ልጅ ናት። ያሰበችው ሁሉ ትክክል ነው፤ የተሰጣት ነው የተሳሳተው።

እማማ እጄን ያዙኝ። «ዱቄት ሆነ እንዴ ብያት ነበር። መድኃኒት ቤቱ ነው የሰጠኝ ስትለኝ… አንቺ የላክሽው መሰለኝ። አንቺ ከላክሽውማ ብዬ ጠጣሁት።»

ከዚያ ወዲያ የሰማኋቸው ክፉ ቃላት ብዙ ናቸው። እንደዚህኛው ያለ የለም።

ጎረቤት ተጠራ። መጀመሪያ የደረሰችው ያቺ ከአጥር ወዲያ ያለችው ሴትዮ ናት፤ ባሏንና ወንድሟን ይዛ መጣች። እማማን ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ዳገቱን አወጧቸው። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሹፌሩ በመስተዋት እያየ ጥሩንባውን አይለቅም። እያንዳንዱን ትንፋሻቸውን የመጨረሻ ነው እያልኩ አዳመጥኩ።

«ታዘብኩስ?» አሉኝ በመካከሉ።

«ቤት እየጠበቀ ነው።»

ሆስፒታል ስንደርስ ለሐኪሙ ምን ያህል እንደጎደላቸው፣ የትኛው መድኃኒት እንደጎደላቸው አንድ በአንድ ነገርኩት። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ውሃው እንዲወጣ መርፌ ተወጉ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጣቶቼን አየሁ፤ የባንኮኒው መወልወያ ሽታ አለቀቃቸውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማ ጋደም ማለት ቻሉ። ታዘብኩ ግን እኛ ሳንመለስ ሞተ። የጎረቤቷ ባል ወስዶ ቀበረው።

በሳምንቱ ውስጥ ፒያሳ ሌላ ወሬ ሰምቶ ነበር። ሲሳይ ለሻይ ቤቱም፣ ለወርቅ ቤቱም፣ ለሰላምታ ለቆመ ሁሉ፣ «ዕድሜዋ ሄዷል፤ የውሻውን ለሰው፣ የሰውን ለውሻ ሰጠችብኝ። ለአጎቴ ስል ነው የማላባርራት» እያለ ተናገረ። አራዳ ወሬ አይሰማም እንጂ ከሰማ ስም ሳያወጣለት አያድርም። የታክሲ ተራ አስከባሪው ጠዋት ጠዋት ሳልፍ፣ «መንገድ ልቀቁ፣ የቡቺ ሐኪም ናቸው» ይላል። ጓደኛው ይቀበለዋል፦ «እትዬ፣ እኔም ያስለኛል፤ ልጩህ ወይስ ልዋጥ?» ስቀውብኝ አድገዋል፤ ጠልተውኝ አልነበረም። ስሙ ግን ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ ተከተለኝ።

እማማ ከዳኑ በኋላ በምርኩዝ እያነከሱ መድኃኒት ቤት መጡ። ሲሳይ ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም።

«እማማ፣ በእትዬ አስካለ ስህተት ለደረሰብዎት ሁሉ ይቅርታ» አላቸው፤ ሰው ፊት ስለነበር «እትዬ» ብሎኛል።

«የማን ስህተት?»

«ያው… እጅ ይስታል፣ ዕድሜ ነው።»

«ልጄ፣ ያጠፋ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሮጥ። እሷ የሮጠችው ወደ እኔ ቤት ነው። አንተ እስከ ዛሬ አልመጣህም» አሉት።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ግን ወሬ የሚሄደው በፈለገው መንገድ ነው፤ ይህኛው ከበሩ አላለፈም። እማማ ክኒናቸውን ከመዳፌ ሥር ተቀብለው፣ አወሳሰዱን ደግመው ወጡ። በሩ ላይ ዞር አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዘብኩ የበላው የእኔን ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ውሻ አላሳደጉም። ከአጥር ወዲያ ካለችው ሴትዮ ጋር ታርቀው ዓመታት ኖሩ።

ለምን ለቀሽ አልወጣሽም የሚለኝ አለ። የት ልሂድ? በዚያ ወሬ ላይ ማን ይቀጥረኛል? እዚያው ጓዳ ውስጥ ቀረሁ። ሲሳይ ቀን እየቆጠረ ስህተቴን ጠበቀ፤ አላገኘም። ግን ያ ጥበቃው ምን እንዳደረገኝ አያውቅም። የታሸገ ፖስታ ሦስቴ እከፍታለሁ። ቤቴ ገብቼ እራት ቀርቦ፣ ያ ልጅ የወሰደው ሽሮፕ የማን ነበር ብዬ እጄን ከመሶቡ እሰበስባለሁ። ቤቱ ሲፈርስ ጋሽ ደምሴ የደቆሱበትን ሙቀጫ ይዤ ወጣሁ። ሲሳይ አላየም፤ ቢያይም አይጠይቀኝም ነበር።

እንግዲህ ሰናይት የውሻ ሥዕል ያለበትን ጠርሙስ ስታመጣልኝ እንደ ፍም የጣልኩት ለዚህ ነው። ውሃውን ጠጣሁ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። መድኃኒቱ ለውሻ ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጠኑ በውሻው ክብደት ተጽፏል፤ መቁረጥ የለ፣ መደቆስ የለ። ጋሽ ደምሴ ይህን አይተው ቢሆን ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም።

ጠርሙሷን አስቀመጥኩና መዳፌን ጫንኩባት።

«ይህን የሚውጠው ማነው?» አልኳት።

ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! ሥዕሉን አያዩትም እንዴ?»

«ሥዕል ጉሮሮ የለውም። ስም ንገሪኝ።»

«እሺ፣ ጃክ። ውሻችን።»

«ቤት ውስጥ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ?»

ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «አባቴ።»

«የአባትሽ መድኃኒት የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቁም ሣጥኑ ላይ። ይሄንንም እዚያው…» ብላ ቆመች።

«ማነው የሚሰጣቸው?»

«ሠራተኛዋ። እኔ ሥራ እወጣለሁ። እትዬ፣ እሷ ማንበብ አትችልም፤ ከገባችም ገና ሳምንቷ ነው።»

ነጠላዬን ሳብኩ። መውጣት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የሕንፃው ደረጃ ጉልበቴን ይፈትነዋል። መዳፌን ግን ከጠርሙሷ ላይ አላነሣሁም።

«አወሳሰዱን ሠራተኛዋ ፊት ትደግሚዋለሽ» አልኳት። «ከዚያ እሷ ለእኔ ትደግምልኛለች። ነይ፣ ውሰጂኝ።»